ቀይዋን መብራት አረንጓዴ ያደረግሁ ሰው

ከዚህ በታች ከጻፍኩት አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ዓይን ብቻ አይበቃም የሚል ካለ እጄንም እጨምራለሁ፤ ሠላሳ ዓመት የሬዲዮ ሆድ ሲከፍት የኖረውን ይህን እጅ። "ያጋንናል" የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። የማጋንን ሰው ብሆን ኖሮ የዚያን ማክሰኞ ሥራዬን ሙሉውን እጽፈው ነበር። እኔ ግን ለአንባቢ ጤና ብዬ ግማሹን ቀንሼዋለሁ።

ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። ሱቄ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ናት፤ እኔ ስቀመጥ ደንበኛው ውጭ ይቆማል፣ ደንበኛው ሲገባ እኔ እወጣለሁ። በእጄ ያለፈው ሬዲዮ ቢደረደር ከሱቄ ደጃፍ ተነስቶ ባሕር ይገባል። ሞቶ የመጣ ሬዲዮ ከእኔ ሱቅ ሞቶ ወጥቶ አያውቅም፤ ወጥቶ ከተገኘም ባለቤቱ አጥፍቶት ነው። አሁን አሁን ሰዉ ስልክ ይዞብኝ ይመጣል። አባርረዋለሁ። ስልክ መጠገን ምኑ ሙያ ነው? መስታወት መለወጥ ነው። መስታወት የሚለውጥ የመስኮት ሠራተኛ ሞልቷል።

ይህ የእህቴ ልጅ ታሪክ ነው። ማለቴ፣ የእኔ ታሪክ ነው፤ እሷም አለችበት።

ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ የምትኖረው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ግራና ቀኙ ሰማይ የነካ ሕንፃ ስለሆነ የስልክ ኔትወርክ እዚያ ቤት የሚገባው አጎንብሶ ነው፤ ድምፁ ይደርሳል፣ ምስሉ ደጅ ይቀራል። አንድ ልጅ አለቻት። ልጅቷ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ናት። መስማት የማይችል ሰው በእጁ የሚናገረውን በአፏ፣ ሌላው በአፉ የሚናገረውን በእጇ ትመልሳለች። ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሞላት። በሁለት ዓመት ውስጥ ያገኘችው የአንድ ቀን ስብሰባና የግማሽ ቀን ሥልጠና ነው፤ እሱንም አሳዳ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ቋሚ አስተርጓሚ ፈለገና ጠራት። ፈተናው በቪዲዮ ነው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ልክ አራት ሰዓት። ተፈታኞቹ ብዙ ናቸው፤ አምስት ደቂቃ የዘገየ ሰው ተራው ለሚቀጥለው ይሰጥበታል ተብሏል። በድምፅ ብቻ ቢሆን በስልክም ይሞከር ነበር፤ እጅ በስልክ አይሰማ!

ሰኞ ከሰዓት እትዬ ደውላ በወሬ መሃል፣ "ኢንተርኔቱ ትንሽ ይጎተታል፤ ነገ ደግሞ ልጅቷ ፈተና አለባት" አለችኝ። ና አላለችኝም። ግን እህት ለወንድሟ፣ ያውም ለእኔ ዓይነቱ ወንድሟ፣ ይህን ብላ ዝም ካለች ሌላ ምን ማለቷ ነው? ሱቄን ዘጋሁ፤ ጥጤንና አልኮሌን ይዤ ሄድኩ።

ራውተር የሚሏትን በቅጡ ያየኋት ያን ቀን ነው። ኮሪደሩ ላይ፣ የጫማ መደርደሪያው አናት ላይ ተጎልታለች። ሳቄ መጣ። ይቺ ናት እንግዲህ ትንሽ ትልቁን ያንበረከከችው! የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ነጭ ሣጥን፤ ሁለት ቀንድ ተክላ አራት አምስት መብራት ታርገበግባለች። ድምፅ የላት፣ ማዞሪያ የላት፣ ክብደት የላት። ሬዲዮ እኮ ቢያንስ ሲታመም ያቃስታል፣ ያስላል፣ የት እንዳመመው ይነግርሃል። ይቺ ስትታመም ዓይኗን ታፈጥብሃለች፤ በቃ።

ከጀርባዋ አምስት ቀዳዳ አላት። አራቱ ቢጫ ናቸው፣ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። አንዷ ሰማያዊ ናት፣ ለብቻዋ ተገልላለች። የተሰካውን ሁሉ ነቀልኩ። እያንዳንዱን ጫፍ በአልኮል አጠብኩ፣ ቀዳዳዎቹን እፍ እፍ አልኩባቸው፣ ከዚያ መልሼ ሰካሁ። የቱ የት እንደነበረ አላየሁም፤ እሱን የሚያይ ጀማሪ ነው። በእኛ ሙያ ሶኬት የገባበት ቀዳዳ ቀዳዳው ነው፤ ቦታው ባይሆን መቼ ይገባ ነበር? ከግድግዳው የሚመጣውን ዋናውን ገመድ በመጀመሪያዋ ቢጫ ሰካሁት፤ ቀጭ ብሎ ገባ። ሰማያዊዋ ባዶ ቀረች። ለብቻዋ መቆሟን ሳይ ትርፍ መሆኗ ገብቶኛል፤ ፋብሪካዎች ለማማር ብለው የማይጨምሩት ነገር የለም።

ልጅቷ መጥታ አየች። "ጋሼ፣ ይቺ መብራት ቀይ ነበረች እንዴ?"

"ስትጸዳ ደም ዞሯት ነው።"

"እስከ ዛሬ አረንጓዴ ነበረች መሰለኝ።"

"እስከ ዛሬ ቆሻሻ ነበረች። ተያት፤ እስከ ጠዋት ትረጋለች።"

ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። "ያ ነገር አሁንም ቀይ ነው" አለች እትዬ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። እንዴት እንደበረርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አውቶቡሱን ሁለት ጊዜ ቀደምኩት፤ በሁለተኛው ሾፌሩ ኮፍያውን አነሳልኝ።

ስደርስ ልጅቷ ለባብሳ ቆማለች። ከላይ እስከ ታች ጥቁር። ቀለበት የለ፣ አምባር የለ፣ ጥፍሯን እንኳ ቀለም አልነካውም።

"ለቅሶ ነው ፈተና የተጠራሽው?" አልኳት።

"እጄ ጎልቶ እንዲታይ ነው ጋሼ። ልብሱ ዥጉርጉር ከሆነ ጣት ከጣት አይለይላቸውም።"

"እኛ የሰውን ድምፅ ከጫጫታ ስንለይ ኖረናል፤ ጥቁር ልበሱ ያለን የለም።"

አልሳቀችም። የዛሬ ልጆች ጨዋታ አይገባቸውም። እትዬ ከኮሪደሩ ጫፍ እጇን አጣምራ ታየኛለች፤ አስተያየቷ የአድናቆት ነው። "በል አንተ፣ ሌላ ነገር ሳትነካ ድርጅቱ ጋ ደውል" አለችኝ።

እኔ ለራሴ የማንም እርዳታ አያስፈልገኝም፤ የእትዬ ልብ እንዲያርፍ ብዬ ደወልኩ። የተቀዳች ሴትዮ አንድን ይጫኑ አለችኝ፣ ጫንኩ። ሦስትን ይጫኑ አለችኝ፣ ጫንኩ። ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው አለችኝና ሙዚቃ ለቀቀችብኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ዘፈን፣ ያውም ግማሹ። የእትዬ የግድግዳ ሰዓት አሥራ አንድ ደቂቃ ነው ትላለች፤ እኔ ግን የድምፅ ሰው ነኝ፣ የምለካው በጆሮዬ ነው። ደግሞስ እንዴት ያለ ድምፅ ነው! ቆርቆሮ ውስጥ የታሰረ ዘፋኝ። ዓለምን አገናኘን ብለው ይኮራሉ፤ አንዲት ክራር እንኳ አስተካክለው ማሰማት አይችሉም።

በመጨረሻ ሕይወት ያላት ሴት መጣች። "እንደምን አደሩ፣ ምን ልርዳዎት?"

"ሴትዮ፣ የምረዳስ እኔ ነበርኩ። መብራታችሁ ቀይ ሆናለች።"

"እሺ ጌታዬ። መሣሪያውን አጥፍተው አብርተውታል?"

ስሙልኝ እንግዲህ! ሳይንሳቸው ይሄ ነው፤ አጥፍቶ ማብራት! "እሱንማ የእህቴም ድመት ታውቀዋለች" አልኳት። እትዬ ድመት የላትም፤ ቢኖራት ግን ታውቀው ነበር።

"እሺ። ከግድግዳ የሚመጣው ገመድ የገባው ሰማያዊው ቀዳዳ ውስጥ ነው?"

"የኔ እመቤት፣ በቀለም የሚሠራ ሰዓሊ ነው።"

ምራቋን ስትውጥ በስልኩ ውስጥ ሰማኋት። "እዚያው አካባቢ አንድ ባለሙያ አለን፤ እልክልዎታለሁ" ብላ ዘጋችው። አፏን ያስያዝኳት የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

ስልኩን ሳላስቀምጥ በሩ ተንኳኳ። ዲግሪ ነው። ዲግሪ የእትዬ የፊት ለፊት ጎረቤት፣ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ስሙ ሌላ ነው፤ "ዲግሪ" ያልኩት እኔ ነኝ። ከመማሩ ብዛት ቁልፉን በእጁ ይዞ ቁልፉን የሚፈልግ ሰው ነው። ሰላምታው ራሱ መግቢያና ማጠቃለያ አለው። ቃል ሲያወጣ በወረንጦ እያነሳ ነው የሚመስለው።

"እንደምን አደራችሁ። ይቅርታ፣ ድምፅ ሰምቼ ነው። ዛሬ አይደል ፈተናው?"

"ዛሬ ነው መምህር" አለች ልጅቷ። "ኢንተርኔቱ እምቢ አለን።"

ወገቡን ይዞ ጎንበስ አለና የራውተሯን ጀርባ አየ። አየ አይባልም፣ አነበባት። "ወዳጄ፣ ድፍረት አይሁንብኝና... ይቺ ሰማያዊ ባዶ መሆን አለባት?"

"መምህር፣ እርስዎ ካርታ ላይ ወንዝ ይፈልጉ።"

"አይ፣ እኔም ቤት እንደሷ ያለች ስላለች ነው። የእኔ ላይ ገመዱ የገባው እዚህ..."

"የእርስዎ ቤት ሌላ ቤት ነው!"

"እሱስ ልክ ነዎት።" ቀና ብሎ ልጅቷን አያት። "እንግዲያስ ምን አስጨነቃችሁ? እኔ ቤት ትግባና ትፈተን። የእኔ ደህና ይሠራል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን መጽሐፍ ሁሉ አነሳላታለሁ።"

ልጅቷ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ደሜ ፈላ። የእኔ እህት ልጅ ኢንተርኔት ልትለምን ሰው ደጅ ትቁም? እኔ በቁሜ እያለሁ?

"መምህር፣ እዚህ ቤት ወንድ አለ። በእኛ ቤተሰብ የተበላሸ ነገር ይጠገናል እንጂ ጎረቤት አይሰደድም።"

"አንተ! ተው እንጂ" አለች እትዬ።

"አንቺ ዝም በይ እትዬ። ነገ ደረጃው ላይ በተገናኘን ቁጥር 'በእኔ ኢንተርኔት ነው ሰው የሆናችሁት' ሊለን?"

ዲግሪ አንገቱ ድረስ ቀላ። "የእኔ በር አይቆለፍም" ብሎ፣ እሱንም ለእኔ ሳይሆን ለልጅቷ ብሎ፣ ወጣ። ሁለተኛው ድል።

ሦስት ሰዓት ሆነ። አሁን በጥልቀት መግባት ነበረብኝ። ገልብጬ ሳያት ከሥሯ መርፌ ብቻ የምታስገባ አንዲት ቀዳዳ አገኘሁ። ፋብሪካው እንዲህ አጥብቦ የሠራት ማንም እንዳይነካት ነው፤ "ማንም" ሲል ግን እኔን ከቁጥር አላገባኝም። የእትዬን መርፌ ቁልፍ ወስጄ ከተትኩና እጇን እስክትሰጥ ድረስ ተጭኜ ቆየሁ። መብራቱ ሁሉ ድርግም ብሎ ጠፋ። ከዚያ አንድ ባንድ ተመለሰ፤ ቀይዋም ተመለሰች።

ልጅቷ ላፕቶፗን እንዳቀፈች ከሳሎን ሮጣ መጣች። "ጋሼ ምን አደረግካት? የዋይፋዩ ስም ጠፋ! 'የእማዬ ቤት' ብዬ የሰየምኩት የለም፤ ዝም ብሎ ፊደልና ቁጥር ነው የሚያሳየኝ!"

"ስሟን ረስታለች። ጥሩ ምልክት ነው፤ ክፉ ልማዷንም አብራ ትረሳለች።"

ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ያን ሁሉ ያልተነካ ጥቁር ልብስ ለብሳ፣ ከጫማ መደርደሪያው ሥር። "ሁለት ዓመት" አለች።

"ሁለት ዓመት ምን?"

"ምንም ጋሼ።"

ሦስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ባለሙያ ተብዬው ከች አለ። መሰላል የሚያክል ሰውዬ፣ መሰላል ተሸክሞ። መደርደሪያ ላይ ለተቀመጠች ሣጥን መሰላል ምን ያደርጋል? ካልያዘ ግን ባለሙያ አይመስልማ! አንገቱ ላይ መታወቂያ፣ ብብቱ ሥር ታብሌት፣ ቀበቶው ላይ አሥራ ሰባት መፍቻ። እኔ በአንዲት መፍቻ ልጆች አሳድጌያለሁ።

ራውተሯን አንድ ጊዜ አየና፣ "ማነው የነካት?" አለ።

"የነካት የለም፤ የጠገናት አለ።"

"ዋናው ገመድ ቦታው አይደለም እኮ።" በሁለት ጣቱ ከቢጫዋ ነቀለና ሰማያዊዋ ውስጥ ሰካው። ሁላችንም አፈጠጥን። ቀይ። አሁንም ቀይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

"የታለች ሰማያዊህ?" አልኩት።

"ቆይ አባቴ፣ አትቸኩል።" ታብሌቱን ነካካ፣ ራውተሯን ገለበጠ፣ ያቺን ቀጭን ቀዳዳ አየ። "ይቺም ተነክታለች። በውስጧ የነበረው ሁሉ ተሰርዟል። የደንበኛ መለያና የይለፍ ቃል ካልገባላት ማዕከሉ አያውቃትም። መጀመሪያ ሲገባላችሁ የተሰጣችሁ ወረቀት አለ?"

እትዬ መሳቢያ ሁሉ ገለበጠች። የመብራት ወረቀት አለ፣ የውሃ ወረቀት አለ፣ የእኔ የአራተኛ ክፍል ካርድ እንኳ አለ። የሱ ወረቀት የለም።

"እንግዲያው ከቢሮ አዲስ ማስወጣት ነው" አለ። "ሐሙስ ይዤው እመጣለሁ።"

"ሐሙስ?" አለች ልጅቷ። "ዛሬ አራት ሰዓት ፈተና አለብኝ። ሃያ ደቂቃ ነው የቀረኝ።"

"እህቴ፣ በእጄ ቢሆን አሁኑኑ አደርገው ነበር።" ይህን ያላት እሷን እያየ አይደለም፤ እኔን እያየ ነው። ያፈረ ሰው ዓይን የት እንደሚያርፍ ታውቃላችሁ። መሰላሉን ተሸክሞ ሲሸሽ መቃኑን ሁለቴ ገጨው። ውጭ ደርሶም ተመልሶ እግሬ ላይ ወድቆ "ጌታዬ፣ ሙያ ያስተምሩኝ" ብሎኛል፤ ግን ይህ ራስን ማወደስ ስለሚመስል አልጽፈውም።

ለአራት ሩብ ጉዳይ። ልጅቷ ከወለሉ ተነሳችና እናቷ ፊት ቆማ እጇን ማወናጨፍ ጀመረች። ጣቷን ወደ ደጅ፣ መዳፏን ወደ ላይ፣ እንደገና ጣቷን ወደ እኔ። ከፈተና በፊት ጣት ማሟሟቅ እንደሚያስፈልጋቸው ወዲያው ገባኝ፤ እኔም ብየዳ ከመጀመሬ በፊት አፍታታለሁ። እትዬም ልጇ ስትማር አብራ ጥቂት ለምዳለች፤ ከጭንቀቷ ብዛት አብራት ታወናጭፋለች። ሁለት ጊዜ ራሷን ነቀነቀች። አንድ ጊዜ በአውራ ጣቷ ወደ እኔ ጠቆመችና ጉንጯን ነፋች። ስለ ችሎታዬ መሆኑ ነው።

ከዚያ በአፏ፣ ጮክ ብላ፣ "ልጄ ውስጥ ክፍል ገብታ ትዘጋጅ። አንተ ያችን ነገር ጠግን። ስትጨርስ በሩ ላይ ተቀመጥ፤ ማንም እንዳይገባባት" አለችኝ።

"ማን ሊገባባት!"

"አንተም ብትሆን። አደራ!"

"መቃብሬ ላይ!" አልኩ።

ልጅቷ ላፕቶፗን አቅፋ ገባች፤ በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ እኔና ቀይዋ ብቻ ቀረን። ያን ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። እነዚያ ሁሉ ሰዎች፣ ባለ ስልኳም፣ ባለ ዲግሪውም፣ ባለ መሰላሉም፣ አንዳቸው ያላሰቡትን አሰብኩ፤ መሣሪያ ጌታውን ማወቅ አለበት። በሬዲዮ ዘመን በሁለት ጥፊ ያላነቃሁት ጣቢያ የለም። ግራ መዳፌን ከሥሯ አደረግሁ፣ በቀኜ ቀኝ ጎኗን አንዴ፣ ግራ ጎኗን አንዴ! ቀንዷ ተንቀጠቀጠ። አንድ ብልጭታ ኮሪደሩን ሞላው፤ የሠፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። ቀይዋ ብርቱካን ሆነች፣ ብርቱካኗ ቢጫ፣ ቢጫዋ... አረንጓዴ! እንደ ለጋ ቅጠል ያለ አረንጓዴ።

"እትዬ! አረንጓዴ!"

"አዎ አዎ፣ ጎበዝ" አለችኝ ከወጥ ቤት። ድንቅ ነገር ስለለመደች አልወጣችም። የግድግዳዋ ሰዓት አራት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ነው የቀራት።

ወንበር ስቤ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። አርባ ደቂቃ። ከውስጥ ትንፍሽ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠራጠር ነበር፤ እኔ ግን ሳቄ ነው የመጣው። የምልክት ቋንቋ ምን ድምፅ አለው? ዝምታው በጠለቀ ቁጥር ፈተናው እየሰመረላት እንደሆነ አወቅሁ። ደግሞ እንዴት ያለ ዝምታ! በዕድሜዬ ሙሉ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ፣ ጭረት የሌለበት ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ጆሮዬን በሩ ላይ ስለጥፍ እትዬ አየችኝና በማማሰያ አስፈራራችኝ።

ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ልጅቷ በውጭው በር ገብታ ከጀርባዬ መጣች። ያ ክፍል በጓሮ በኩል ሌላ በር አለው፤ ሲጨንቃት አየር ልትወስድ ወጥታ ነው። ላፕቶፗንም አየር አስወስዳዋለች። ፊቷ ወዝቷል። እናቷን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ፣ "እማዬ፣ ጨርሼ ሁሉንም መለስኩ፤ ሁሉንም!" አለቻት። እትዬ አለቀሰች። ልጅቷ እኔንም ስታቅፈኝ፣ "እግዜር ይስጥህ ጋሼ፣ በሩን ስለጠበቅክልኝ" አለች። ምስጋናው ስለ በሩ ብቻ መሆኑ ትንሽ አነሰብኝ፤ ግን ልጅ ናት ብዬ አለፍኩት።

ሐሙስ ያ ባለ መሰላል ተመልሶ መጥቶ አንድ ነገር ጽፎባት ሄደ አሉ። የሰው ድል ላይ ፊርማውን ሊያኖር ነው። ይህን ዓይነቱን ስንቱን አውቃለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ሥራውን ማግኘቷ ተነገራት። ከወር በኋላ እሁድ ከሰዓት ዘመድ አዝማዱ ደስታዋን ሊካፈል እትዬ ቤት ተሰበሰበ። ልጅቷ አለቃዋን ጠርታ ነበር፤ የሆስፒታሉ አስተርጓሚዎች ክፍል ኃላፊ፣ ጠጉሯ የሸበተ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ መስማት የማትችል ወይዘሮ። ያን ማክሰኞ በላፕቶፑ ወዲያ ማዶ ሆና የፈተነቻት እሷው ናት። እጇን ስጨብጥ እንድትሰማኝ ብዬ ጎረቤት እስኪደነግጥ ጮኼ ራሴን አስተዋወቅሁ። ፈገግ ብላ እጄን ያዝ አድርጋ ለቀቀችው። አሳዘነችኝ፤ የእኔን ድምፅ ሳይሰሙ መኖር ምን ኑሮ ነው?

ዘመድ ከተቀመጠና አፉ ሥራ ከፈታ በኋላ ይህንኑ ታሪክ አወረድኩላቸው። ልጅቷ ከአለቃዋ ፊት ተቀምጣ ቃሌን ቃል በቃል በእጇ ትመልሳለች። መሰላሉ መቃን ሲገጭ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ስለ ዲግሪ ቁልፍ ሳወራ የአጎቴ ልጅ ከሶፋው ተንሸራተተ። ወይዘሮዋ ግን ግንባሯን ቋጥራ አንዴ የልጅቷን እጅ፣ አንዴ የእኔን አፍ ታያለች። ተአምር ስትሰማ የመጀመሪያዋ መሆን አለበት።

"... አረንጓዴ!" አልኩ። "ልጃችንም እዚያች ክፍል ውስጥ፣ እዚህች በር ላይ እኔ ተቀምጬ፣ ዓለምን ጉድ አሰኘች!"

ጭብጨባው ሲበርድ ወይዘሮዋ እጇን አነሳች። ጣቶቿ ቀስ ብለው፣ ሳይቸኩሉ ይንቀሳቀሳሉ።

"ምን አለች? ተርጉሚልን እንጂ!"

"ይቅር ጋሼ።"

"እንዴት ይቅር? ሥራሽ አይደል? ያደነቀችኝን ለራስሽ ልታስቀሪው ነው?"

ልጅቷ እናቷን አየች። እትዬ መሬት መሬት ታያለች። ወይዘሮዋ ያንኑ ምልክት ደገመችው። ልጅቷ እጇን ጭኗ ላይ አኖረች፤ ከእኔ አጠገብ ያለ ሰው ብቻ በሚሰማው ድምፅ፣ ሥራዋ እንደሚያዘው ሳትጨምርና ሳትቀንስ ተናገረች፦

"'እኔ የፈተንኳት ይህ ቤት ውስጥ አይደለም። መጽሐፍ በሞላበት ክፍል ውስጥ ነበረች። ብርሃን አንሶ እጇ አልታይ ሲለኝ አንድ ሽማግሌ የጠረጴዛ መብራት አንስቶ አርባ ደቂቃ ሙሉ ያዘላት፤ አንዱ ክንዱ ሲዝል ወደ ሌላው እያዞረ። ፊት ለፊት የሚኖር መምህር ጎረቤታችን ነው ብላ አስተዋወቀችኝ፤ የቤታቸው ኢንተርኔት እንደተቋረጠም ነገረችኝ። ዛሬ እሱን ልጨብጠው ብዬ ነበር የመጣሁት። የት ነው ያለው?'"